«ተመርቃችኋል» ሲባል
የሴፍቲኔት ድጋፍ የጊዜ ገደብ፣ ከገደቡ ውጪ የሚሆኑ ሰዎችና የእኛ የከተሜዎቹ ድርሻ

ከተማ ውስጥ «ምረቃ» ሲባል ወዲያው የሚታየን ጥቁር ጋውን፣ እቅፍ አበባ፣ ዶሮ ወጥና የዘመድ እልልታ ነው። የሰሜን ሸዋ ገጠር ላይ ግን ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው። በቀበሌ ስብሰባ ስም ዝርዝር ሲነበብ አንድ አባወራ ወይም እማወራ «ተመርቃችኋል» ከተባሉ፣ ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ከልማታዊ ሴፍቲኔት የሚያገኙት ገንዘብ ወይም እህል ይቆማል ማለት ነው። አንዳንዱ ቤት በእርግጥም ራሱን ችሏል፤ ለእሱ ምረቃው ደስታ ነው። ሌላው ቤት ደግሞ ዜናውን የሚሰማው ጎተራው በተሟጠጠበት ወር ነው።

ይህ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ አይደለም። ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ብንኖርም እናታችን፣ አክስታችን ወይም የቤት ሠራተኛችን ወላጆች ያሉት እዚያው ነው። ድጋፉ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚደወለውም ለእኛ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ማን ከሥራ ግዴታ ነፃ እንደሚሆንና «ጊዜያችሁ አልቋል» የተባለ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤት ይጠቅማል።

ሁሉም ነገር ከየት ጀመረ?

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የዕለት እርዳታ ጠባቂ ሆነው ነበር። በዚያን ጊዜ በግልጽ የታየው ችግር አንድ ነው፤ በየዓመቱ እርዳታ የሚለመነው በአብዛኛው ለአንድ ዓይነት ወረዳዎችና ለአንድ ዓይነት ቤተሰቦች ነበር። ዝናብ በደህና በሚዘንብበት ዓመት እንኳ እህላቸው እስከ ቀጣዩ ምርት የማያደርሳቸው ሰዎች ነበሩ። ለእነዚህ በየዓመቱ አዲስ ልመና ከማቅረብ ይልቅ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለተከታታይ ዓመታት የሚዘልቅ ድጋፍ መስጠት ይሻላል ተባለ። በዚህ ሐሳብ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ይዞ ተጀመረ። በጊዜው የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ኋላ ላይ የተጠቃሚው ቁጥር ወደ 8 ሚሊዮን አድጓል።

መግቢያው መስፈርት ቀላል ይመስላል። ቤተሰቡ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለበት ወረዳ የሚኖር፣ ላለፉት 3 ዓመታትም በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የገጠመው መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የመሬቱ ስፋት፣ የከብቱ ብዛት፣ የቤተሰቡ የሥራ ጉልበትና ከሌላ ቦታ የሚያገኘው ገቢ ይታያል። ምርጫውን የሚያካሂደው የአካባቢው ሰው ራሱ የተወከለበት የማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። ማን እንዳለውና ማን እንደሌለው ጎረቤት ያውቃል ከሚል እምነት የመጣ አሠራር ነው። ጎረቤት ማወቁ እውነት ነው፤ ጎረቤት መቀያየሙም እንዲሁ።

ድጋፉ ለአብዛኛው ተጠቃሚ በዓመት 6 ወር ብቻ ነው የሚሰጠው። ሥራውም የሚበዛው የመኸሩ እህል ከተሰበሰበ በኋላ እስከ ክረምቱ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። እርከን ይሠራል፣ ተራራ ይከለላል፣ ችግኝ ይተከላል፣ የገጠር መንገድ ይጠረጋል፣ የምንጭ ውኃ ይጎለብታል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተጓዘ ሰው እነዚያን በገደል አፋፍ ላይ የተደረደሩ እርከኖች ሳያይ አይቀርም።

አንኮበር ለምን?

አንኮበርን በታሪክ የምናውቃት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ አፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የተቀመጡባት ከተማ አድርገን ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ ሰው ከውርጭ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከላይ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭ ሲመታ ዓመቱ የሚበላሽበት ደጋ አለ። ከታች ደግሞ ማሽላ የሚዘራበት፣ ዝናብ የሚያጥርበት፣ ወደ አፋር የሚያዘቀዝቀው ቆላ አለ። መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ማሳም ትንሽ ነው።

በዚህ ቆላ ከሚገኙት መንደሮች አንዷ ዲንኪ ናት። አማሮችና አርጎባዎች፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ይህች መንደር በኢትዮጵያ ገጠር ኑሮ ላይ ለዓመታት በተደጋጋሚ ጥናት ከተካሄደባቸው ጥቂት ቀበሌዎች መካከል ስለሆነች ለተመራማሪዎች እንግዳ አይደለችም። ድርቅ ከሚያጠቃቸውና ሴፍቲኔት ከገባባቸው መንደሮችም አንዷ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ «ድጋፉ መቼ ያብቃ?» የሚለው ጥያቄ «ዝናቡ መቼ ይስተካከል?» ከሚለው ጋር የተቆራኘ ነው።

ከሥራ ነፃ የሚሆነው ማን ነው?

ብዙ ሰው ሴፍቲኔት ማለት «አካፋ ይዞ መውጣት» ብቻ ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ተጠቃሚዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ መሥራት የሚችል ሰው ያላቸው ናቸው፤ ክፍያቸውን በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ያገኛሉ። ሁለተኛዎቹ የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ይባላሉ። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ የአካል ጉዳት ወይም ጽኑ ሕመም ያለባቸው፣ በቤታቸውም ሌላ ሠርቶ የሚያመጣ ሰው የሌላቸው ናቸው። እነዚህ ሥራ አይጠየቁም፤ በ2008 በጀት ዓመት ከተጀመረው አራተኛ ምዕራፍ ወዲህ ደግሞ ድጋፉ 6 ወር ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ 12 ወር እንዲሆን ተወስኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ75 ዓመት አዛውንት ሐምሌ ሲመጣ የሚያርሱት ጉልበት አይበቅልላቸውም። ከእነዚህ ሰዎች «መመረቅ» አይጠበቅም።

ሦስተኛው ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ነው። እዚህ ላይ ዋናዋ ባለመብት ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ናት። በአራተኛው ምዕራፍ መመሪያ መሠረት ሴትዮዋ እርጉዝ መሆኗ ከታወቀ ጀምሮ ልጇ 1 ዓመት እስኪሞላው ከጉልበት ሥራ ነፃ ትሆናለች፤ ክፍያዋ ግን አይቋረጥም። በምትኩ የሚጠበቅባት የእርግዝና ክትትል ማድረግ፣ ልጇን ማስከተብ፣ ስለ አመጋገብ በሚሰጠው ትምህርት መገኘት ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም እናትም በዚሁ ውስጥ ትካተታለች። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ጨርሶ መሥራት የለባቸውም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ገደብ አለ። ስሌቱ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ነው፤ ቤተሰቡም እስከ 5 ሰው ይቆጠራል። 5 ሰው ያለበት ቤት እንግዲህ የ25 ቀን ክፍያ ያገኛል። እንበልና ባል የሞተባት እናት አራት ትንንሽ ልጆች አሏት። ሃያ አምስቱን ቀን ብቻዋን ልትሠራ ነው? አይደለም። አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዲሠራ አይገደድም። የቀሩት 10 ቀናት ያለ ሥራ ይከፈላሉ። ይህን የማያውቅ ቤት እናቲቱ አልችል ስትል ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወደ እርከን ሥራ ይልካል። ደንቡን ማወቅ አንድን ልጅ ክፍል ውስጥ ያቆያል ማለት ነው።

ሰዓት የሚቆጥረው የከተማ ድጋፍ

የገጠሩ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ «ይህን ያህል ዓመት» ብሎ የቆረጠው ቀን የለውም፤ የሚወጣው በሀብት ተመዝኖ ነው። የከተማው ግን ከመጀመሪያው ሰዓቱን ይዞ ነው የተነሣው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ ሎግያ፣ አሶሳና ጋምቤላ። ዕቅዱ 604,000 ሰዎችን ማዳረስ ነበር፤ ወጪው ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር። ጠዋት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መጥረጊያና አካፋ ይዘው በቡድን የምናያቸው እናቶች አብዛኞቹ የዚህ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሁለተኛ ምዕራፍ ፕሮግራሙ ከ80 በላይ ከተሞችን አዳረሰ፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከተሞችም ቃሉ የተለመደ ሆነ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ቤተሰብ በሥራ የሚቆየው 3 ዓመት ነው። ድጋፉም እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ የቤተሰብ አባል 60 የሥራ ቀን፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20። የሚቆጠረው ቢበዛ 4 ሰው ነው። በቀን 60 ብር በነበረበት ጊዜ አራት ሰው ያለበት ቤት በመጀመሪያው ዓመት 240 ቀን ሠርቶ 14,400 ብር፣ በወር ሲካፈል 1,200 ብር ያገኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን በወር ሲካፈል 400 ብር ብቻ ይሆናል። ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጠባል። በመጨረሻም የንግድ ሐሳቡን ላቀረበና ሥልጠናውን ለጨረሰ ቤተሰብ 500 ዶላር የሚገመት መነሻ ገንዘብ በብር ይሰጣል።

ከተጠቃሚዎቹ 16 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሥራ የማይጠየቁ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች እንዲሆኑ ታቅዶ ነበር፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ጽኑ ሕመምተኞች። የሦስት ዓመቱ የምረቃ ሩጫ እነሱን አይመለከትም።

በአዲስ አበባ ፕሮግራሙ በየወረዳው የገባው በዕጣ ነበር። ይህም ለተመራማሪዎች ያልተለመደ ዕድል ፈጠረ፤ ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ሰፈሮች ማነጻጸር ተቻለ። ጥናቱ ያሳየው ነገር የሚያስገርም ነው። ጥቅሙ በሴፍቲኔት የተቀጠሩት ላይ አልቆመም። እነሱ የግል የቀን ሥራን ስለቀነሱ፣ ፕሮግራሙ ከተማዋን ሙሉ በሙሉ ሲያዳርስ የግሉ ዘርፍ የጉልበት ዋጋ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር ተሰላ። ማለትም ሴፍቲኔት ያልገባች ልብስ አጣቢም ዋጋዋ ከፍ ይላል። ሰፈሩም ይጸዳል። ድጋፉ ሲያበቃ እንግዲህ የሚቀረው የአንድ ቤተሰብ ደሞዝ ብቻ አይደለም።

ሀብት ሲመዘን

ወደ ገጠሩ እንመለስ። ቤተሰብ ለምረቃ ደርሷል የሚባለው መቼ ነው? ሐሳቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያለ ሴፍቲኔት ዓመቱን ሙሉ መብላት ከቻለና መጠነኛ ችግር ቢመጣ ሀብቱን ሳይሸጥ ከተቋቋመ ነው። ይህን በተግባር ለመለካት ግን ክልሎች የሀብት ጣሪያ አወጡ። በአማራ ክልል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው መለኪያ ለአንድ ሰው 4,200 ብር የሚያወጣ ሀብት ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት 21,000 ብር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቤት አስተዳዳሪ ሁሉ የሚገባው ችግር አለ። የበሬ ዋጋ በእጥፍ ሲወጣ የቤተሰቡ ሀብት በወረቀት ላይ በእጥፍ ያድጋል፤ በረቱ ውስጥ ያለው ግን ያው አንድ በሬ ነው። ጤፍና ዘይትም አብረው ተወድደዋል። መለኪያው ከገበያው ጋር ካልታደሰ ኑሮ ውድነት ራሱ ሰውን «ያስመርቃል»።

ሁለተኛው ችግር ኮታ ነው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ ታስቦ ነበር። ዕቅዱ ሲያበቃ የሆነው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈለጋቸው፤ አዲሱ የሴፍቲኔት ምዕራፍም ከቀድሞው ባልተናነሰ ቁጥር ተጀመረ። ዝናቡ ዕቅዱን አላነበበም።

ታዲያ አንድ ቤተሰብ በእርግጥ ለመቋቋም ስንት ዓመት ያስፈልገዋል? በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ላይ የተካሄደው የታወቀ ጥናት አንድ ዓመት ብቻ የተደገፉትን አምስት ዓመት ከተደገፉት ጋር አነጻጽሯል። አምስት ዓመት የቆዩት የረሃብ ወራታቸው በ1.29 ወር አጠረ፤ ከብታቸውም ትንሽ ጨመረ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን መነሻውን አስታውሱ፤ ለመግባት ቢያንስ የ3 ወር ክፍተት ያስፈልግ ነበር። ከሦስቱ ወር አንድ ወር ተኩል የማይሞላውን ለመቀነስ አምስት ዓመት ፈጀ። ሙሉውን ክፍተት በሦስት ዓመት ይዘጋል ብሎ መጠበቅ ለብዙ ቤት አይሠራም። ከገንዘቡ ጎን ለጎን ብድር፣ ሥልጠናና የግብርና ግብዓት ያገኙት ቤተሰቦች ግን ከድጋፉ ገንዘብ ብቻ ካገኙት የተሻለ መሻሻል አሳይተዋል። ስለዚህ «ስንት ዓመት ተደገፈ?» ከሚለው እኩል «በእነዚያ ዓመታት ከገንዘቡ ሌላ ምን አገኘ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ልጅ ያላት ናት»

አሁን ወደ እኛ ወደ ከተሜዎቹ እንምጣ። በምርጫው መስፈርት ውስጥ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንገባበት አንድ ነጥብ አለ፤ ቤተሰቡ ከዘመድ በቂ ድጋፍ ያገኛል ወይስ አያገኝም?

እንበል እናትዎ አንኮበር ወረዳ ይኖራሉ። እርስዎ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብር ይልካሉ፤ አንዳንድ ወር ሲሞላልዎት ሁለት ሺህ ብር ይጨምራሉ። በስብሰባው ላይ አንዱ ተነሥቶ «እሳቸው አዲስ አበባ ልጅ አላቸው» ይላል። ሐሰት አልተናገረም። ልጅ መኖሩና በየወሩ የሚበላ ነገር መኖሩ ግን አንድ አይደለም። ማን ስንት እንደሚልክ በደብተር የሚይዝ የለም፤ ስለዚህ በአካባቢው የሚታየው የእርስዎ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይሆን ለበዓል ይዘውት የመጡት አዲስ ጋቢ ነው።

ይህ ማለት መላክ ያቁሙ ማለት አይደለም። ይልቁንም ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ መላክ ከቻሉ መጠኑን ትንሽ አድርገው በየወሩ በማይቋረጥ መንገድ ይላኩ። ሴፍቲኔትን ከድሮው የእህል እርዳታ የለየው ዋና ነገር ገንዘቡ መቼ እንደሚመጣ መታወቁ ነበር፤ ያ ጥበብ ለቤተሰብም ይሠራል። ሁለተኛ፣ መላክ የማይችሉ ከሆነ እናትዎ ይህን በግልጽ እንዲናገሩ ያበረታቱ። ብዙ እናቶች «ልጄ አይረዳኝም» ማለት ልጅን ማዋረድ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በስብሰባው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። «እማዬ፣ አልችልም ብለሽ ብትነግሪያቸው አላፍርም» የምትል አንዲት የስልክ ቃል ይህን ሸክም ታነሣለች።

ተፈናቃዮችና ሴፍቲኔት አይምታቱ

ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከተለያዩ አካባቢዎች የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖችን ተቀብላለች፤ ቻይና ካምፕና ባቄሎ የሚባሉት መጠለያዎች ስማቸው በየዜናው ይሰማል። ለእነሱ የሚሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ እንጂ ሴፍቲኔት አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አስቸኳይ እርዳታ ሀብትን አይመዝንም፣ ሥራ አይጠይቅም፤ ግን ነገ ስለመቀጠሉ ዋስትና የለውም። ሴፍቲኔት መስፈርት አለው፣ ግዴታ አለው፤ በምላሹ ደግሞ ካርድ፣ የታወቀ መጠንና አቤት የሚባልበት ቦታ አለው። አንድ የተፈናቀለ ቤተሰብ በከተማው ነዋሪነት ተመዝግቦ ለከተማው ፕሮግራም መብቃት አለመብቃቱን መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ይቆጥራል?

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው «የመንግሥት ድጋፍ» ሲባል ይሰማል። በዚያም ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አንድ ቤተሰብ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሕይወት ዘመኑ ሊያገኝ የሚችለውን የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ በ60 ወር ወሰነው። ግዛቶች ከዚያ ያነሰ ገደብ ማውጣት ይችላሉ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በአንድ ዙር የምትፈቅደው 24 ወር ነው። ሆኖም ሕጉ በር አልዘጋም፤ ግዛቶች በከባድ ችግር ላይ ላሉ ቤተሰቦች እስከ 20 በመቶ ለሚደርሱ ተጠቃሚዎች ገደቡን ማለፍ ይችላሉ። ድጋፉን የሚያገኙት ልጆች ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ሰዓቱ አይቆጥርም።

ብራዚል ሌላ መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2023 በታደሰው የቤተሰብ ድጋፍ ገቢው ከመስመሩ በላይ የወጣ ቤተሰብ ወዲያው አይቆረጥበትም፤ ለተወሰነ ጊዜ ግማሹን እያገኘ ይቆያል። መጀመሪያ እስከ ሁለት ዓመት ነበር፤ በኋላ አጠረ። ሐሳቡ ሰው ሥራ ባገኘ ማግስት በፍርሃት «ሥራ የለኝም» እንዳይል ነው። የእኛ የከተማ ፕሮግራም 60፣ 40፣ 20 እያለ መውረዱም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የብራዚሉ የሚቀንሰው ገቢ ሲያድግ፣ የእኛው የሚቀንሰው ዓመት ሲቆጠር መሆኑ ነው። ገቢው ሳያድግ ዓመቱ የሞላበት ቤት መካከል ላይ ይቀራል።

ቤተሰብዎ ተጠቃሚ ከሆነ

ዘመድዎ ወይም በቤትዎ የምትሠራ ልጅ ወላጆች በሴፍቲኔት የሚደገፉ ከሆነ የሚከተሉትን ያስታውሷቸው።

ካርዱን ይያዙ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቤተሰብ የተጠቃሚነት ካርድ ሊኖረው ይገባል። በላዩ ላይ የቤተሰቡ ቁጥርና ክፍያው ይሞላል፤ መብትና ግዴታውም ተጽፏል። ካርዱ መቀመጥ ያለበት በቤቱ እንጂ በሌላ ሰው እጅ አይደለም።

በየትኛው ክፍል እንደተመዘገቡ ይጠይቁ። አያት ታመው ጉልበታቸው ካለቀ ከሥራ ወደ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ መዛወር አለባቸው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚከለስ ለውጡን በክለሳው ጊዜ ማሳወቅ ይጠቅማል።

እርግዝናን በጊዜ ያሳውቁ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኝ ማረጋገጫ እናትን ከአካፋ ያሳርፋል። በባህላችን እርግዝናን ቶሎ አለመናገር የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታው ወራት ያስከፍላል።

«ተመርቃችኋል» ከተባሉ ምክንያቱን ይጠይቁ። የትኛው ሀብት እንደተቆጠረ፣ በስንት ዋጋ እንደተገመተ ማወቅ መብት ነው። ካላመኑበት በቀበሌው የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። አቤቱታው ተጽፎ ቢቀርብ፣ ቀኑም ቢመዘገብ ይመረጣል። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በስልክ እየነገሩዎት እርስዎ ጽፈው ይላኩላቸው፤ ይህ ከብር ያልተናነሰ እርዳታ ነው።

የጤና መድኅኑን አይርሱ። ከሴፍቲኔት መውጣት ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መውጣት አይደለም። አንድ የሆስፒታል ወጪ የሦስት ዓመት ቁጠባን ሊበላ ስለሚችል፣ የተመረቀ ቤተሰብ ከማንም በላይ መዋጮውን በጊዜ መክፈል አለበት። መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራርም ስላለ ይጠይቁ።

ከመውጫው በፊት ያቅዱ። የከተማው ተጠቃሚ በሁለተኛው ዓመት ላይ ሳለ ነው «በአራተኛው ዓመት ምን እበላለሁ?» ማለት ያለበት። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ጀምሮ እስከ ቢራ ፋብሪካዎቿና ኢንዱስትሪ ፓርኳ የተቀጣሪ ጉልበት የምትፈልግ ከተማ ናት። ለእናቲቱ ጉልት ንግድ፣ ለልጂቱ ደግሞ የፋብሪካ ቅጥር ቢሆን ቤቱ በሁለት እግር ይቆማል። ከተሜ ዘመድ ማመልከቻ በመሙላት፣ መታወቂያ በማውጣትና ማስታወቂያ በማሳወቅ ብዙ ሊረዳ ይችላል።

ገደቡ ለማን ይቁም?

የጊዜ ገደብ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ገንዘቡ ውሱን ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ በለጋሾች ድጋፍ በየምዕራፉ እየታደሰ የሚሄድ ነው። አንዱ ካልወጣ ወረፋ የሚጠብቀው ሌላው አይገባም። ከዚህም በላይ ብዙ ቤተሰብ መውጣት ይፈልጋል፤ በራሱ ሠርቶ የበላ ሰው በስብሰባ ፊት ድህነቱን ማስረዳት አይናፍቀውም።

ነገር ግን ገደቡ ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። የመጀመሪያው፣ መሥራት የማይችለው ሰው ከመሥራት ከሚችለው በትክክል ሲለይ፤ አረጋዊቱን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ አካል ጉዳተኛውን ሰዓቱ እንዳይነካቸው። ሁለተኛው፣ ለሚችለው ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን ጎተራው ሲታይ። በሰሜን ሸዋ አንድ የበልግ ዝናብ ሲቀር የሦስት ዓመት ጥረት በአንድ ወቅት ሊጠፋ ይችላል፤ በክልሉ ያለው ግጭትም ገበያና መንገድን ሲዘጋ እንዲሁ። የወጣ ቤተሰብ ችግር ሲመታው ያለ ውርደት ተመልሶ የሚገባበት በር መኖር አለበት።

እኛ ደግሞ በዚህ ሳምንት ማድረግ የምንችለው ትንሽ ነገር አለ። ገጠር ወዳለው ዘመድ ስንደውል «ደህና ናችሁ?» ብለን «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን መልስ ተቀብለን ከመዝጋት አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ሴፍቲኔቱ ዘንድሮም አለ? ካርዱ በእጃችሁ ነው?» መልሱ «አወጡን» ከሆነ፣ ለምን እንደሆነና አቤቱታ ቀርቦ እንደሆነ እዚያው እንጠይቅ። የአቤቱታ ወረቀት የሚጽፍ ልጅ ያለው ቤት ከሌላው የተሻለ የመሰማት ዕድል አለው።